በረደ

ሳልና፣ ካንሳስ። የነሐሴ ማለቂያ።
አስፋልቱ ቀልጦ ጫማ ያስቀራል፤
እኔ የምኖረው በሰው ሙቀት ነው፣
ሙቀቱ ሲብስ ስልኬ ይጠራል።

መቶ ስድስት ዲግሪ። ዘጠነኛ ቀኑ።
ውሾች መኪና ሥር ምላስ ዘርግተዋል፤
ከከተማው ጫፍ ላይ ያሉት ማሽላዎች
እንደ ተቀየመ ሰው ቅጠል ጠቅልለዋል።

የዛሬው ጥሪ ከቨርና ሊንድክዊስት ቤት ነው።
እሷ ሰማንያ አንድ ዓመቷ፣ ማቀዝቀዣዋ ሠላሳ።
«ማናችን እንቀድም ይሆን?» አለች በሩን ስትከፍት፣
ፊቷን በጋዜጣ እያራገበች።
«ዛሬስ አንዳችሁም አትሞቱም» አልኩ፣
ጓሮ ዞሬ ከማሽኑ ፊት ተንበረከኩ።

ከአጥሩ ወዲያ ያለው ቤት የወንድሟ የአርቪድ ነው።
ሁለት በጋ ሙሉ አልተነጋገሩም፤
ምክንያቱ ዛፍ፣ ድንበር ላይ የቆመ፣ ጥጥ የሚያበንን።
እሱ፣ «ይቆረጥ፤ አሸንዳዬን ደፈነው።»
እሷ፣ «አባባ የተከለውን? በሞቴ!»
ይህን የነገረኝ እሱ ነው፣ ሐምሌ ላይ
የእሱን ማሽን ስሠራ።
ለሁለቱም ሠርቻለሁ፤ ለሁለቱም ዝም ብያለሁ።
የጥገና ሙያ ግማሹ ዝምታ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ የመጨረሻዋን ብሎን ስፈታ፣
ከደቡብ ሲነፍስ የሰነበተው ነፋስ
ስሙን ከኋላ እንደ ተጠራ ሰው ቀጥ አለ።
ወፎቹ ጭጭ። ገመድ ላይ ያለው አንሶላ ጭጭ።
በሰሜን ምዕራብ፣ ከእህል ጎተራው ማማ ጀርባ፣
ሰማዩ እንደ በለዘ ጉንጭ ጠቁሮ፣
ሥር ሥሩ አረንጓዴ፣
ጠርዙ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ቀጥ ብሎ
እየተንከባለለ መጣ።

ስልኮቻችን ባንዴ ጮኹ። የከተማው ጥሩምባ ተከተለ።
«ግባ! ግባ!» መሰላሌን ጥዬ ሮጥኩ።
ከዝናቡ በፊት ቅዝቃዜው ደረሰ፤
ላብ ባጠመቀው ማጅራቴ ላይ እንደ እጅ አረፈ።
ከዚያ አቧራ። ከዚያ የገለባ ሽታ። ከዚያ በረዶ፣
መጀመሪያ ሽምብራ የሚያህል፣ ቀጥሎ ለውዝ፣ ቀጥሎ
የመኪናዬን መስታወት ሲቆረጥመው ሰማሁ።

ምድር ቤት፣ በባትሪ ብርሃን፣
በተደረደሩ የኮክ ማርማላታ ብልቃጦች መሃል
ቨርና ጉልበቷን ታሻለች፣ እኔ ወጪዬን አሰላለሁ።
ላይ አንድ ነገር ተሰበረ፤
እንደ ጨርቅ መቀደድ ጀምሮ፣ እንደ በር መዘጋት አለቀ።
«ዛፉ» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ስንወጣ ሣሩ ነጭ፣ ነጩ ላይ ቅጠል።
ዛፉ አጥሩን ጨፍልቆ ጋደም ብሏል፣
ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ እዚያ፣
እንደ ሽማግሌ፣ ለማንም ሳያደላ።

አርቪድ መጋዝ ይዞ ወጣ፤ አላስነሳውም።
ግንዱን በመዳፉ ቸብ ቸብ አደረገው፣ እንደ ደከመ ፈረስ።
ተያዩ። እኔ የጠፋ ብሎን መፈለግ ጀመርኩ።
«በረደ» አለ እሱ።
«አዎ፣ በረደ» አለች እሷ።
ስለ አየሩ ነው ያወሩት።
እኔ ግን በራሴ ቋንቋ ሰማኋቸው፤
ለሰማዩም ለቁጣውም ያችው ቃል ትበቃለች።

«ማሽኑን ተወው፤ ይልቅ መስኮት ክፈትልኝ» አለች።
ሠላሳ ዓመት በቀለም የተጣበቀ መስኮት ነው፤
በትከሻዬ ገፋሁት፣ በሦስተኛው ግፊት ጮኾ ተከፈተ።
ግማሽ ሂሳብ ከፈለችኝ፣ አንድ ብልቃጥ ማርማላታ ጨምራ።

ስመለስ ገሚሱ ማሽላ ተረፍርፏል፤
የተረፈው ቅጠሉን ዘርግቶ ይጠጣል።
የእኔ ስልክ ጭጭ ብሏል፣ የመስታወት ሠሪው
ዛሬ ማታ ከጥሪ ብዛት እረፍት ያጣል።

ከኋላ ወንበር ሥር ሹራቤን ጎትቼ አወጣሁ።
ከኪሱ የሚያዝያ ደረሰኝ ወደቀ።